ስለ ስፒከሮችህ ሁለት መስመር

ግርማዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ጥቁሩን አውልቄያለሁ። ሰላም ናት በግድ ያስወለቀችኝ፤ "እማ፣ አባዬ ራሱ ቢያይሽ ይቆጣ ነበር" ብላ። እውነቷን ነው፤ ጥቁር ልብስ መስፋት እንደማትወድ አውቃለሁ።

ደብዳቤ ጽፌልህ አላውቅም። በሕይወት ሳለህ የምጽፍበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ከቤት እስከ ልብስ ስፌት ሱቅህ ድረስ ብጮህ ትሰማኝ ነበር። ከሞትክ በኋላም መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ነው የማወራህ። አሁን ግን ያስቸኮለኝ ነገር መጥቷል። እትዬ ዘነበች አረፉ። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነበች። ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው፤ "ከደብሬ አታርቁኝ" ብለው ተናዘው ስለነበር እዚያው አንተ ያለህበት ግቢ ነው ያረፉት፣ ከራስጌህ ትንሽ ወደ አጥሩ ጠጋ ብሎ። ነፍሳቸውን ይማረውና አፋቸው እንደማያርፍ አንተም ታውቃለህ። እዚያ እናንተ ዘንድ ወሬ ይኑር አይኑር እኔ አላውቅም፤ ቄሱን ብጠይቅ ይገሥጹኛል። ካለ ግን እሳቸው አፈሩ ሳይደርቅ ነው የሚጀምሩት።

እኔ ደግሞ የደበቅኩህ ነገር አለ። ከእሳቸው ሳትሰማ ከእኔ እንድትሰማው ነው የምጽፈው። መርዶ ነው ግርማዬ። አትደንግጥ፤ ሰላም ደህና ናት፣ ጓደኛህ ተክሌም ደህና ነው፣ እኔም ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ግን መርዶ ነው፤ አንተ ለእኔ መርዶ በነገርክበት መንገድ ልነግርህ ወስኛለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ስለ ስፒከሮችህ።

ስፒከሮችህ ለሽያጭ ቀርበዋል። ተረጋጋ፣ እስከ መጨረሻው ስማኝ። ሰላም በስልኳ ፎቶ አንስታ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ቴሌግራም ላይ ለጠፈቻቸው። ከፎቶው በፊት በደረቅ ጨርቅ ወልውያቸዋለሁ፤ የፊት ጨርቃቸውንም እንዳስተማርከኝ በልብስ ብሩሽ ወደ ታች ብቻ ቦረሽኩት። "ወለል ላይ የሚቆም ስፒከር፣ ጥንድ፣ በጥንቃቄ የተያዘ" ብላ ጻፈችበት። ይህን ያህል እንኳ ቅር አላለኝም።

ያቃጠለኝ ከሥሩ የመጣው አስተያየት ነው። አገር ምድሩ ለካ ይህን ስፒከር ገዝቶት ኖሯል! አንዱ "ነበረኝ፤ ባስ የለውም፣ ዝም ብሎ ቁመት ነው" አለ። ሌላው "ሳጥኑ ችፑድ ነው፣ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ የእኔ በጎርፍ ተበላሽቷል" ብሎ ጻፈ። አንዲት ሴት ደግሞ "ለዋጋው ምንም አይወጣለትም፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት ነው" ብላለች፣ እሷን መርቄያታለሁ። ከእሷ ቀጥሎ የመጣው "ከፍ ስታደርገው ቤት ውስጥ ያለ ብርጭቆ ሁሉ አብሮ ይዘፍናል" ይላል። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ "ይሄ ስፒከር ነው ቁም ሳጥን?" ብሎ ጠይቆ ሰው ሁሉ ስቆለታል። ሰላምን "ለዚህኛው መልሺለት፣ 'አንተ ራስህ ባዶ ሳጥን ነህ' በይው" አልኳት። አልጽፍም ብላ ሳቀች። አንተ ከሞትክ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበርና ለቀልደኛው ይቅር አልኩት።

በመጨረሻ ሄርሜላ የምትባል ልጅ ጻፈች። "ሰው የሚለውን ተዉት፣ ባለቤቱ ራሱ ምን ይላል?" አለች። ሰላም ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ዞረችና "እማ፣ ሁለት መስመር በይኝ፣ እጽፍላታለሁ" አለችኝ። በኋላ አልኳትና ስፒከሮቹን መልሼ መወልወል ያዝኩ። ባለቤቱ ምን ይላል? ባለቤቱማ ስንት ነገር ይል ነበር።

ያመጣሃቸውን ቀን አስብ። ሶፋ ልንገዛ ተስማምተን ነበር የወጣኸው። የሰላም ጓደኞች ሲመጡ አልጋ ላይ ማስቀመጥ አሳፍሮኝ፣ ቡናማ ይሁን ብዬ ቀለሙን ሳይቀር መርጬ ልኬህ ነበር። አንተና ተክሌ ግን ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ጥንድ ስፒከር ገዝታችሁ፣ በጋሪ ጭናችሁ፣ ከጋሪው ኋላ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ መጣችሁ። እኔ በር ላይ ቆሜ ሶፋው የታለ እላለሁ። አንተ "ብዙዬ፣ ሶፋ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ እነዚህ ያወራሉ" አልከኝ። ሁለት ቀን አላናገርኩህም።

ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ጆሮህ ሥር ሲንገጫገጭ ውሎ ማታ ጥርት ያለ ድምፅ መፈለግህ ይገባኝ ነበር፤ ግን ቤታችን አንድ ክፍልና ጓዳ መሆኑን የረሳኸው መሰለኝ። ደባሎቹ ብዬ ስም አወጣሁላቸው። ደባሎቹ ከግድግዳ ራቅ ብለው ካልቆሙ አይናገሩም ብለህ ወደ መሃል አመጣሃቸው። ለእነሱ ቦታ ለመስጠት አልጋው ተገፋ፤ አልጋው ሲገፋ ቁም ሳጥኑ በጎን ካልሆነ አልከፈት አለ። ለዓመት በዓል የሀገር ልብሴን በክንዴ እየጎረጎርኩ ነበር የማወጣው። ሰው ሲመጣ ግን እኔን ዱካ ላይ፣ ልክ በሁለቱ መሃል ታስቀምጠኝና "ክራሩ በየት በኩል ነው?" ትለኛለህ። በግራ እልሃለሁ። "ከበሮውስ?" ከበሮው ከመሬት እልሃለሁ። ለእንግዶቹ "አያችሁ፣ ያልተማረ ጆሮ አይዋሽም" ትላለህ፤ ስድብ ይሁን ምስጋና ዛሬም አልገባኝም።

ቆይቶ እሑድ ከቅዳሴ መልስ አስተያየት ጠያቂው ቤታችንን ሞላው። ስፒከር ሊገዛ ያሰበ የሠፈር ሰው ሁሉ አንተን ሳያማክር አይገዛም ነበር። የምትላቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "ርካሽ ነው፤ ርካሽነቱንም አይደብቅም። ባዶውን ከተውከው ይጮሃል፤ ከሞላኸው ያወራል።" ከዚያ ስለ አሸዋው ትነግራቸዋለህ። የተክሌ ስፒከሮች ትንሽ ከፍ ሲሉ የሚርገፈገፉት ሳጥኑ ቀላል ስለሆነ ነው ብለህ የታችኛውን ክዳን ፈተህ አሸዋ የሞላኸውን።

የአሸዋውን ነገርማ እኔም አልረሳሁትም። ወለሉን ሲሚንቶ ስናስደርግ የተረፈው ቧንቧው ሥር ተቆልሎ ዓመታት ኖሯል፤ ልጅ ሁሉ የተጫወተበት፣ ዶሮ ሁሉ የጫረው። አንድ ቅዳሜ ቆርቆሮ ላይ አስጥተህ አደረቅከው። ገበያ ሄጄ ስመለስ በዱቄት ወንፊቴ እየነፋኸው አገኘሁህ! የአንዱን ስፒከር ጨርሰህ ሁለተኛውን ልትጀምር ስትል ወንፊቱን ከእጅህ ነጠቅኩህ፤ ግቢው ሁሉ ወጣ። እትዬ ዘነበች በመስኮት "ብዙነሽ፣ ባልሽ ስፒከር ሊቀብር ነው እንዴ?" አሉኝ። አንተም ግራ ገብቶህ የቀረውን አሸዋ ሳትነፋው በድርብ ፌስታል እየሞላህ በግራው ስፒከር ሆድ ውስጥ ጨመርከው። ወንፊቱ ከዚያ ወዲህ ዱቄት አልነፋም። አስቀምጬዋለሁ፣ አሁንም አለ።

አሁን ደግሞ እናቴ የሞተችበትን ጊዜ ላስታውስህ። ስልኩ የተደወለው አንተ ሱቅ ነበር፣ ከቀትር በኋላ፣ ከደብረ ብርሃን። አንተ ሱቅህን ዘግተህ ከወትሮው ቀደም ብለህ ገባህ። ሥጋ ገዝተህ ነበር። እኔ ምን ተገኘ ብዬ ሳቅኩ። አስበላኸኝ፤ በእጅህ ሁለቴ ጎረስኩ። ከዚያ ዱካዬን መሃል ላይ አደረግክና ስፒከሮቹን ከፈትካቸው፤ "ዛሬ ምርጫው ያንቺ ነው" አልከኝ። የምወዳቸውን ሁሉ በላይ በላዩ አስከፈትኩህ። ድምፁ በዛ፣ እትዬ ዘነበች ይጮሁብናል ስልህ "ዛሬ አይጮሁም" አልክ። እውነትም አልጮሁም፤ ለካ ግቢው ሁሉ ሰምቷል። እኔ እየዘፈንኩ ነበር፤ አንተ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ ታየኛለህ።

ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ሲገቡ ሳይነግሩኝ አወቅኩ። ካለቀስኩት ይልቅ የጮህኩብህ ይበልጣል፤ "እናቴ ሞታ አንተ ታዘፍነኛለህ?" ብዬ ደረትህን መታሁህ። ብዙ ወራት ቆይቶ፣ ሸሚዝ ቁልፍ እየተከልክ፣ ቀና እንኳ ሳትል "አንድ ማታ ልጨምርልሽ ብዬ ነው" አልከኝ።

ይኸው እኔም ትንሽ ጨመርኩልህ። አሁን ግን ልንገርህ።

ግርማዬ፣ ቤቱ የለም።

ተዝካርህን ካወጣን ብዙም ሳይቆይ ነው። ለልማት ትነሳላችሁ ተባልን፤ ስብሰባ ሄድን፣ ዕጣ አወጣን፣ ዕቃ አሰርን። ግቢው በሙሉ ነው የተነሳው፤ ያንተም ሱቅ፣ ዳቦ ቤቱም፣ ካርታ የምትጫወቱበት በረንዳም። ስፒከሮችህን በጋቢህ ጠቅልዬ ከሹፌሩ አጠገብ ከፊት ካላስቀመጥኩ ብዬ ከጫኞቹ ጋር ተጣላሁ፤ አልሆነም፤ ከኋላ በጎናቸው አጋደሟቸው። መኪናው ሲነሳ እትዬ ዘነበች በሩን ሳሙት። እኔ አልሳምኩትም፤ ከተጠጋሁት የምላቀቅ አልመሰለኝም።

አምሮበታል፣ አልዋሽህም። ሰፊ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት ሆኗል፤ ሰው አመሻሽ ላይ ልጆቹን ይዞ ይንሸራሸርበታል፣ ፎቶ ይነሳበታል። አንድ ቀን ከምኒልክ አደባባይ ወረድ ብዬ በራችን የት እንደነበር ልፈልግ ሞከርኩ። ከጊዮርጊስ ደወል ተነስቼ በግምት እዚህ ጋ ነው አልኩና ቆምኩ። አንድ የአበባ መደብ ነው። ሁለት ልጃገረዶች ፎቶ ሊነሱ ፈልገው "ማዘር፣ ትንሽ ፈቀቅ ይሉልናል?" አሉኝ፤ ፈቀቅ አልኩላቸው። ምን ልበላቸው፣ ጓዳዬ ውስጥ ነው የቆማችሁት ልበል?

ለምን አልነገርሽኝም ትለኛለህ። አደራ ስላለብኝ ነው። ታመህ ተኝተህ፣ ድምፅህ እየደከመ፣ "ብዙዬ፣ ቤቱን አደራ። ስፒከሮቹን ደግሞ ግድግዳ እንዳታስጠጊያቸው" ብለኸኝ ነበር። ሳቅ ብዬ እሺ አልኩህ። በመሐላ ባይሆንም እሺ ብያለሁ። ታዲያ ምን ብዬ ልንገርህ? መቃብርህ ላይ በመጣሁ ቁጥር "ደህና ነን፣ ቤቱም ደህና ነው" እልሃለሁ። ተክሌ አጠገቤ ቆሞ ይሰማል። አንድ ቀን እሱም ባርኔጣውን እያሻሸ፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ "አዎ፣ ቧንቧውም ተሠርቷል" ብሎ ጨመረበት። ስንወጣ አልተያየንም። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ቆመን ለሙት እንዋሻለን፤ ይህን ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም።

የደረሰኝ ከከተማው ዳር፣ አራተኛ ፎቅ ነው። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃም አለው፣ ግን ጸጥታው ሊገድለኝ ነው። እዚያ ማለዳ በደወል ነቅቼ፣ በወያላ ጩኸት ፊቴን ታጥቤ፣ በእትዬ ዘነበች ሳል ነበር ቀኑን የምጀምረው። እዚህ የምሰማው የራሴን ጫማ ነው። ሳሎኑ ጠባብና ረዥም ስለሆነ ስፒከሮችህን ከግድግዳ አስጠጋኋቸው። አዎ፣ አስጠጋኋቸው። ሁለተኛውንም አደራ በላሁት።

በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትምና ዓመቱን ሙሉ ጨርቅ ለብሰው ቆዩ። ሙት ዓመትህ ካለፈ በኋላ አንድ ከሰዓት ጨርቁን ገፈፍኩና ያንን ክራር ከፈትኩት። ታፍኗል። በግራ ነው ስልህ የነበረው ክራር ከግድግዳው ውስጥ የሚወጣ መሰለኝ። ጆሮዬ ይሆናል ብዬ ትንሽ ጨመርኩ፤ የግራው ሆድ ደግሞ ጠረረረ ማለት ጀመረ። ወዲያው በሩ ተንኳኳ። ከታች ያለችው አራስ ናት፤ ሕፃኗን አቅፋ፣ አፍራ፣ "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ልጄ እየደነገጠብኝ ነው" አለችኝ። ብትሳደብ ይሻለኝ ነበር። ዘጋሁት። ዱካዬ ላይ ተቀምጬ እነዚህ ስፒከሮችም እንደ እኔ ቦታቸው ጠፍቶባቸዋል አልኩ። ሰላም "እንሽጣቸው፣ ሰፋ ያለ ቤት ያለው ይስማቸው" ስትለኝ እሺ ያልኳት ከዚያ በኋላ ነው።

ሄርሜላ የመጣችው እትዬ ዘነበችን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ነው። ሁለቱን መስመር መጻፍ ቢያቅተኝ፣ መጥታ ራሷ ትስማቸው ብዬ አስጠራኋት። ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ዱቄት ጥፍሯ ሥር ነበር። አፍንጮ በር ግቢ ያለው ቤት ተከራይታለች፣ ሰላም ቤት አካባቢ። ተክሌም እንደ ባለሙያ ተጠርቶ መጥቷል፣ ክራባት አስሮ። ስፒከሮቹን ለአንድ ጊዜ ወደ መሃል ሳባቸውና ልጅቱን ዱካዬ ላይ አስቀመጣት። ዓይኗን ጨፍና ሰማች። ከዚያ "ባለቤቱስ?" አለች። እኔ ፎቶህን አሳየኋት። አፏን በእጇ ያዘችና "ነፍስ ይማር፣ ይቅርታ፣ አላወቅኩም" አለች። ሰላም ለጠያቂዋ ይህን ሳትነግራት ቀርታ ኖሯል።

ወደደቻቸው። ግራው የሚጠርርበትን ምክንያት ለማየት፣ ደግሞም ያንን ክብደት ይዞ አራት ፎቅ መውረድ ስለማይቻል፣ ተክሌ አሸዋውን እናራግፈው አለ። አንሶላ አነጠፍኩ። የቀኙን ክዳን ፈታው፤ ፌስታሎቹ እንዳሰርካቸው ናቸው፣ አሸዋውም ዱቄት መስሎ ጥርት ያለ። ተክሌ "ይሄ ሰውዬ እንጀራ ሊጋግርበት ነበር እንዴ" ብሎ ቀለደ። ከዚያ የግራውን አጋደመና ክዳኑን ሲያነሳው አሸዋው በራሱ ዘረገፍ አለ። ጫኞቹ ሲያጋድሙት ፌስታሉ ተቀዶ ኖሯል፤ የሚጠርረውም እሱ ነው።

አሸዋ ብቻ አልነበረም። ቀይ አፈር ነበረበት። የለስላሳ ቆርኪ ነበረበት፣ ልጆቹ እየጠፈጠፉ የሚጫወቱበት። ሰላም በልጅነቷ ጠፍቶባት አምርራ ያለቀሰችለት አረንጓዴ ብይ ይሁን የሌላ ልጅ አላውቅም፣ አንድ አረንጓዴ ብይ ነበረበት። ከበራችን የተላጠ ሰማያዊ ቀለም፣ የሲኒ ጆሮ፣ ከሱቅህ በኪስህ ይዘኸው የመጣኸው የካፖርት ቁልፍ፣ ከክር ጋር። የአጥሩ ሥር ኖራም ነበር። ተክሌ ተንበርክኮ አንድ እፍኝ ዘገነ፤ አሸተተው። "ብዙነሽ፣ ይሄ እኮ ግቢያችን ነው" አለ። እኔ ከቀብርህ ቀን የቀረኝን ሁሉ ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ሄርሜላ የምትሆነው ጠፍቷት ሌላ ቀን ልምጣ አለች፤ ግን በመሄድ ፈንታ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠችና ቁልፉን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር። ጥሩ ልጅ ናት።

ወንፊቴን ባልነጥቅህ ኖሮ ይህ ሁሉ ተነፍቶ ወጥቶ ነበር። በዚያች ወንፊት ጉዳይ እስከ ዛሬ ጥፋተኛው አንተ ብቻ ነህ፤ ይህን ግን መዝግብልኝ።

ስፒከሮችህ ለሄርሜላ ይሄዳሉ። ቅዳሜ ከወንድሟ ጋር መጥታ ትወስዳቸዋለች። የተነፋውን አሸዋ ለቀኙ ሰጠኋት፤ ለግራው ሌላ አሸዋ አጥባ፣ አድርቃ እንድትሞላ ተክሌ አሳይቷታል። አስተያየቱንም በመጨረሻ ነገርኳት፤ ሰላምም ከሥሩ ለሁሉም ጻፈችው። "ባለቤቱ እንዲህ ይላል፤ ርካሽ ናቸው፣ ርካሽነታቸውንም አይደብቁም። ባዶአቸውን ከተዋችኋቸው ይጮሃሉ፣ ከሞላችኋቸው ያወራሉ፤ ከግድግዳ አታስጠጓቸው።" የእኔንም ጨምሪ ብያት ጨመረችው፤ "ቁም ሳጥን አያስከፍቱም" የሚል። ቀልደኛው ሳይቀር የልብ ምልክት አድርጎበታል።

አሁን አጠገቤ ባዶአቸውን ቆመው ነው የምጽፍልህ። ቅዳሜ ሲወጡ ምን እንደምሆን አላውቅም። ጸጥታው ይብስብኝ ይሆናል፤ እፈራለሁ። አንዳንዴ ሰላምን ጠርቼ ተይው፣ አልሸጥም ልል ስልኩን አነሳለሁ። ከዚያ የታፈነው ክራር ትዝ ይለኛል፤ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

የግራው አፈር ግን የእኔ ነው። አልሰጠሁም። በድርብ ፌስታል ቋጥሬ በሩ ሥር አስቀምጬዋለሁ፤ ከነብዩ፣ ከነቆርኪው፣ ከነሰማያዊው ቀለም። እሑድ ማለዳ፣ ሰው ሳይበተን፣ ተክሌና ሰላም ሆነን ነጠላችንን አዘቅዝቀን እንመጣለን፣ መርዶ እንደሚነገረው። ባዶ እጄን ስለማልመጣ አሁን መናገር እችላለሁ። ያመጣሁትን ካንተ ላይ አፈሰዋለሁ። ሰው ሁሉ አፈሩን ገለባ ያድርግለት ሲልልህ ኖሯል፤ እኔ ደግሞ ልጨምርብህ ነውና ይቅር በለኝ። ቤቱን አደራ ብለኸኝ ነበር፤ ከቤቱ ልይዝልህ የቻልኩት ይህንን ነው።

በሩ ሰማያዊ እንደነበረ አልረሳም። አልጋው የት ድረስ እንደተገፋ፣ ክራሩ በየት በኩል እንደነበረ፣ ያን ማታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠህ እንዴት እንዳየኸኝ፣ አንዱንም አልረሳም። የበራችን ቦታ ሲጠፋኝ እንኳ እነዚህን በጨለማ ማግኘት እችላለሁ።

እትዬ ዘነበች ቀድመው ነግረውህ ከሆነ ግን አደራ፣ አሁን ደግሞ እኔ አደራ ልበልህ፤ እሑድ ስመጣ ያልሰማህ ምሰል። እኔ ስነግርህ እንደ አዲስ ስማኝ።

ያንተው ብዙነሽ